ማጡን ያሻገረን

ግንቦት 28፣ ቢቸና

አሮጌዋ ፒክአፕ ዛሬ ሄደች። የገዛት ሰው የአምበር ነው። አባዬ ቁልፉን ሲሰጠው፣ "ፍሪሲዮኗን ቀስ ብለህ ልቀቃት፤ ትደነግጣለች" አለው። ስለ በቅሎ የሚያወራ ይመስል ነበር። እማዬ ከቤት አልወጣችም። የግቢውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቆማ በከረመችበት ቦታ ሣር ያልበቀለበት ደረቅ መሬት ቀረ፤ ዶሮዎቹ ወዲያው ገብተው ይጭሩት ጀመር።

ከነሐሴ ወዲህ አባዬ መሪዋን አልነካም። እህቴ እፀገነት፣ እትዬ ገነት የምላት፣ የሞተችው እሷ ላይ ነው።

ይህን ጽፌው አላውቅም ነበር። ልጻፈው። ባለፈው ነሐሴ አባዬና እማዬ እትዬ ገነትን ሊያመጧት ከሞጣ ወዲያ ወዳለው የባሏ ቀበሌ ሄዱ። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት እንድትወልድ ነበር። እኔ ቤት ቀርቼ የምትታረስበትን ክፍል ግድግዳ በጭቃ እለቀልቅ ነበር፤ እየዘፈንኩ። ምጧ ቀኑ ሳይደርስ እዚያው መጣ። ጎረቤት ሁሉ አብሮ ተሳፍሮ ወደ ሞጣ ሆስፒታል ይዘዋት ሲወጡ፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ማጥ፣ ጭቃው ላይ መኪናዋ ተያዘች። የኋላ ጎማዋ ብቻ የሚነዳ መኪና ነበረች። ልጅቷ እዚያው ተወለደች። የእትዬ ገነት ደም ግን አልቆም አለ። ትራክተር ተፈልጎ ሲመጣ ነገሩ አልፏል።

ልጅቷ ጸደንያ ናት። እኛ ጋ ታድጋለች። አሁን ትድሃለች።

አባዬ ሌላ መኪና መግዛቱ አይቀርም። ከቢቸና ገበያ እህል ጭኖ ሞጣ ማድረስ ነው የምንኖርበት ሥራ። ደግሞ ነሐሴ ላይ የእትዬ ገነት ሙት ዓመት ነው። የሚታሰበው እዚያው በተቀበረችበት፣ በባሏ አገር ነው። ያው መንገድ፣ ያው ክረምት። ስለዚህ በቤታችን አንድ ጥያቄ አለ፤ የሚገዛው ፒክአፕ ፎርዊል፣ አራቱም ጎማው የሚነዳ፣ ይሁን ወይስ አይሁን። ለእኔ ጥያቄም አይደለም።

ሰኔ 2

ደላላው ውበቴ መጣ። ሁለት መኪና አለኝ ይላል። አንዱ እዚሁ ያለ ነጭ፣ ብዙ ያልሠራ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ። ሌላው ሞጣ የቆመ፣ ቆየት ያለ፣ ደብል ጋቢና፣ ፎርዊል።

"አያ ኃይሌ፣ ነጩ ሙሽራ ነው። የሞጣው ግን ካሉት ዛፍ ይወጣል።"

"ዛፍ ላይ ምን ሥራ አለኝ?" አለ አባዬ።

ውበቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አባዬ ምክንያቶቹን ዘረዘረ። ፎርዊል ናፍጣ ይጠጣል። ዕቃው ሲሰበር ባሕር ዳር ካልተሄደ አይገኝም። ከሁሉ በላይ ግን ዓይን ይበዛበታል። "በዚህ ዘመን ፎርዊል ፒክአፕ የያዘ ሰው ባለቤትነቱ እስከሚቀጥለው ኬላ ድረስ ነው" አለ። ውበቴ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና፣ "እሱስ እውነትዎን ነው" አለ ድምፁን ቀንሶ።

"ክረምቱስ?" አልኩ።

"ከክረምቱ ውስጥ ያ መንገድ ስንት ቀን ነው የሚከፋው?"

"አንድ ቀን ይበቃል" አልኩት።

ውበቴ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን መመርመር ጀመረ። አባዬ አልተቆጣም። "ፈተና አለብህ፤ ሂድ አጥና" ብቻ አለኝ።

ሰኔ 5

ነገ ፊዚክስ። ምንም አልገባ ብሎኛል። ጸደንያ ደብተሬን ቀዳ የአንዱን ገጽ ጥግ በላችው። ዝናብ።

ሰኔ 6

ፊዚክስ አለቀ። የፍሪክሽን ጥያቄ ነበር። መሬት ላይ በሚጎተት ሣጥን ላይ ሌላ ሣጥን ቢጫን ሰበቃው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይጨምራል። ቀላል ነበር፤ አልፌው ሄድኩ።

ሰኔ 11

ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ከጎኔ ወንበር ላይ አንድ እህል ነጋዴ ፊቱ አረፋ ተቀብቶ ከጓደኛው ጋር ያወራል።

"ኃይለ ሚካኤል መኪና ሊገዛ ነው አሉ።"

"ያንኑ ዓይነት ይገዛላ። ናፍጣ ይቆጥብለታል።"

"ልጁንስ ማን ይቆጥብለት?"

ፀጉር አስተካካዩ ሁለቴ አሳለ። ነጋዴው በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። "አንተ ልጅ የማን ነህ?" አለኝ።

"የኃይለ ሚካኤል።"

ሰውየው ሲወጣ የእኔንም ሊከፍል ፈለገ፤ እምቢ አልኩ።

ስለ አባቴ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ያልሰጠሁት ፈርቼ አይደለም። ሰውየው የተናገረው እኔ በሆዴ የምለውን ስለሆነ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ፤ ግን ያው ነው።

ሰኔ 19

ትምህርት ተዘጋ። ዛሬ ራት ላይ ተናገርኩት። ቃሎቹን በልቤ ደርድሬ ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዋልካው አፈር፣ ስለ ጎማ። ስጀምር ግን ሁሉም ጠፍቶኝ አንዱን ብቻ አወጣሁ፦

"ያኔ ፎርዊል ቢሆን ኖሮ…"

አባዬ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። "ቢሆን ኖሮ ምን?"

"ትኖር ነበር።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። እኔን እንኳ አላየኝም። ያየው እማዬን ነው። አያት፣ አያትና፣ "ሊሆን ይችላል" አለ። እጁን ታጥቦ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ይሰማ ጀመር። እማዬ ጸደንያን አዝላ ወደ ጓዳ ገባች።

ለምን እማዬን እንዳየ አልገባኝም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ 27

ጸደንያ ጉልበቴን ይዛ ቆመች። አጨበጨብኩላት፤ ደንግጣ ወደቀች። እማዬ፣ "እናቷም ጭብጨባ አትወድም ነበር" አለች። ስለ እትዬ ገነት ከተናገረች ስንት ጊዜዋ ነው።

በቀን ዝም ትላለች። በግድግዳው በኩል ግን ሌሊት ሌሊት ይሰማኛል። "ኃይሌ፣ ማጡ ጋ ስንደርስ…" ትላለች። ሁልጊዜ እዚያው ቃል ላይ ነው የምታቆመው፤ ወይም አባዬ ነው የሚያስቆማት። "ተኚ፣ በዛብሽ። መኪናው ነው። ተኚ" ይላታል።

መኪናው ከሆነ ለምን ፎርዊል አይገዛም?

ሐምሌ 8፣ ሞጣ

አባዬ ላከኝ። "የሞጣውን መኪና አንተ እየው። ከዚያ ሽታሁን ጋ ሂድና ለሙት ዓመቱ ምን እንደጎደለ ጠይቀህ ና" አለኝ። ሽታሁን የእትዬ ገነት ባል ነው፤ እዚያው ቀበሌ ያስተምራል። ፈተና ይሁን እርቅ አላወቅሁም። ከፋንታ ጋር ተሳፈርኩ። ፋንታ ለፍላፊ ሹፌር ነው፤ የእሱም ፒክአፕ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ነው።

መኪናውን አየሁት። ወድጄዋለሁ። ከዋናው ማርሽ አጠገብ አጭር ማርሽ አለው፤ ቦታው ሲቀየር የፊት ጎማዎቹም ይነዳሉ። ባለቤቱ እንድሞክረው ፈቀደልኝ። እጄ ላይ ጠንካራ ነገር ሆኖ ገባ። ይህች አጭር ብረት፣ አልኩ በልቤ። ይህች ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ፋንታ ወደ ሽታሁን ቀበሌ የጨው ጆንያና ሰው ጫነ። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ማጡ ጋ ስንደርስ መስኮቱን በእጄ ጠርጌ አየሁ። ቦታው እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሜዳው ውሃ የሚወርድበት ጥቁር ዋልካ፣ ከዚያ አጭር ዳገት። ድንጋይ ብወረውር ወዲያኛው ጫፍ ያርፋል።

ከኋላ ሰው መውረድ ሲጀምር ፋንታ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

"ማነው የሚወርደው? ቁጭ! ዛሬ ሁላችሁም ጭነት ናችሁ!"

"ኧረ አንተ ልጅ፣ ወርደን ይቅለልህ እንጂ!" አሉ አንዲት ትልቅ ሴት።

"እማማ ወለተ ኢየሱስ፣ ከቀለለኝማ ቀረሁ! ይልቅ ወፈር ያላችሁ ወደ ኋላ ጠጋ በሉልኝ።"

"ወፍራም አልከኝ?"

"ዛሬስ በመወፈርዎ ጉልበትዎን ልስም ነው!"

ሰው ሳቀ። መኪናው ገባ። ኋላው ወደ ግራ ተንሸራተተ፣ ጎማው ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ አንድ ነገር የነከሰ ያህል ቀጥ አለና ወጣ። ከኋላ "ተመስገን" እያሉ ይሳሳቃሉ። የፊዚክሱ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ሣጥን ላይ ሣጥን።

"ሁሌ እንዲህ ነው የምታልፈው?" አልኩት።

"ታዲያስ! ይህን መኪና ባዶውን ብታስገባው ዋልካው ይበላዋል። ከኋላ ክብደት ካለው ግን ጎማው መሬት ይይዛል። ገበያ ቀን እኮ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናልፈው። ፎርዊል ቢኖርማ ማን ይጠላል፤ ግን የግድ አይደለም።"

"አባቴ ይህን ያውቃል?"

"እኔን ማን ያስተማረኝ መሰለህ? ረዳቱ ነበርኩ እኮ!"

"ታዲያ ያን ቀን ሰው ሞልቶባት ለምን ተያዘች? ወይስ ሰው ወርዶ ነበር?"

"ወርዶ ነበር" አለ ፋንታ፤ ማርሽ ቀየረ። ሽታሁን ደጅ አውርዶኝ ጨውን ሊያራግፍ ሄደ።

ሐምሌ 9

አባዬ ያውቅ ነበር። እያወቀ። ፎርዊል አለመግዛቱ አንድ ነገር ነው። ይህ ግን…

ሽታሁን መቃብሯን አሳየኝ። ዙሪያውን በድንጋይ ክቦታል፤ አረሙን ራሱ ይነቅላል። ጢሙን እስካሁን አልተላጨም። ጠየቅሁት። "ያን ቀን ሰዉን ማን አወረደው?"

እጁ ውስጥ ያለውን አረም ወደ ጎን ጣለው። "አባትህ አትውረዱ ብሎ ጮኾ ነበር" አለ። "እኔ ጋቢና ውስጥ እሷን ደግፌ ስለነበር ሰምቼዋለሁ። ግን ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ከኋላ ያለው ማን ይሰማዋል። ሰዉ ደግሞ ቀድሞ ወርዶ ነበር።"

"ማን ብሎት?"

"ስጦታው፣ የቀረውን አባትህን ጠይቅ። ብቻውን ስታገኘው። ቤት ውስጥ እንዳትጠይቀው።"

ሐምሌ 12፣ ቢቸና

ቤት ውስጥ ጠየቅሁት።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ራት ላይ ነበርን። እማዬ ጸደንያን አጥሚት ታበላለች። አባዬ፣ "እህ፣ መኪናው እንዴት ነው?" አለ። እኔ መንገዱን ሁሉ ሳብሰለስለው መጥቻለሁ፤ መጠበቅ አልቻልኩም።

"አባዬ፣ ያን ቀን ከኋላ ሰው ሙሉ ነበር?"

"ስለ መኪናው ንገረኝ ነው ያልኩህ።"

"ስለ መኪናው ነው የምነግርህ። ፋንታ ማጡ ላይ ሰው ሳያወርድ…"

"ስጦታው!"

እንዲህ ሲጠራኝ ሰምቼው አላውቅም። ቁጣ አልነበረም። እየወደቀ ያለ ሰው የሚጠራኝ መሰለኝ።

"ሙሉ ነበር" አለች እማዬ፤ ዓይኗ ከማንኪያው አልተነሣም። "ጎረቤቱ ሁሉ ነው የወጣላት። ደጎች ናቸው። ውረዱላት፣ ለልጄ ይቅለላት ብዬ ስጮህ አንድ ያንገራገረ የለም። ሽማግሌው ሳይቀሩ ወረዱ፣ በዚያ ዝናብ።" ማንኪያው ቆመ። "ፋንታ ሰው ሳያወርድ ምን?"



"ፋንታ ምን ያውቃል፣ ለፍላፊ" አለ አባዬ። "እኔ ወስኛለሁ። የሞጣውን ነው የምንገዛው። ፎርዊሉን።"

"አይሆንም ስትል ከርመህ?"

"ተሳስቼ ነበር። ያኔም ተሳስቼ ነው። የመኪናው ነገር ነው፣ በዛብሽ። ፎርዊል ቢሆን ኖሮ ሰው ወረደ አልወረደ ያልፍ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አይደለም፣ ስጦታው? አንተ ነህ የነገርከኝ።"

እማዬም አየችኝ። ጸደንያ አፏን ከፍታ ማንኪያውን ትጠብቃለች።

"አዎ" አልኩ። "ያልፍ ነበር።"

እማዬ ማበላቷን ቀጠለች።

ሐምሌ 13

ስጠብቀው የከረምኩትን "ተሳስቼ ነበር" የሚል ቃል ትናንት ሰማሁ። ስለዚያ አልጽፍም።

ሐምሌ 15

ከአባዬ ጋር ገበያ ሄድን። ስንመለስ በጭቃው እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ነበርን። ሳይዞር ተናገረ።

"ፋንታን አግኝቼዋለሁ።"

"ምን አልከው?"

"አፍህን ሰብስብ አልኩት።" ትንሽ ሄደና ደግሞ፣ "ከተማ ውስጥ ሰው ስለ እኔ ሲናገር ትሰማለህ?" አለኝ።

ዋሽቼ አላውቅምና፣ "አዎ" አልኩት። በፊት ዋሽቼ አላውቅም ነበር ማለቴ ነው።

"ይናገሩ። እኔ ላይ ይቅር።"

ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር። የተሸከመውን ከረጢት ተቀበልኩት። ሰጠኝ።

ሐምሌ 26

መኪናው ግቢ ገባ። ውበቴ ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ፣ "ይኸው፣ ዛፍ ከፈለጉ ደግሞ እኛ አለን" አለ። አባዬ ሳቀለት። ጎረቤት እየመጣ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። አንዱ በር ላይ ለሌላው፣ "ዘግይቶም ቢሆን ነቃ" ሲል ሰማሁት። አባዬም ሰምቷል። ሻይ ቀዳለት።

እማዬ ሁሉም ሲሄድ ወጣች። የፊቱን ጎማ ዳሰሰችው።

"እነዚህም ይነዳሉ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"የፊቶቹም?"

"የፊቶቹም።"

ጭቃውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ነሐሴ 9

ዝናብ። አባዬ ፎርዊሉን ይዞ ሁለት ጊዜ ኬላ ላይ ቆመ። መልሰው ለቀቁት። ምን እንደጠየቁት አልነገረንም። በኋላ ጎማ የሚሄደውን ቢገዛ ማንም አያየውም ነበር። እኔ ነኝ ፎርዊል፣ ፎርዊል ያልኩት።

አይደለም። ጥፋተኛው እኔም አይደለሁም።

ነሐሴ 23

ለመጻፍ ጥግ ያገኘሁት አሁን ነው። ሽታሁን ቤት ነን። ካህናቱ በልተው ሄደዋል፤ ሴቶቹ ዕቃ ያጥባሉ።

ጠዋት ከሞጣ ስንነሣ እየዘነበ ነበር። ከኋላ ዘመድ ሞልቷል፤ ዱቄቱም፣ ጠላውም አለ። ጋቢና ፊት አባዬና ጸደንያን የታቀፈች እማዬ፣ ኋላ እኔና የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል። ከሞጣ በኋላ ማንም አልተናገረም። ማጡ ላይ ውሃው ከሐምሌው በዝቷል። አባዬ አቆመ። ከኋላ ሰዎች ሊወርዱ ሲነሡ መኪናው ተነቃነቀ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ግማሽ አካሉን ወደ ዝናቡ አወጣ።

"ማንም አይውረድ!"

እንዲያ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ። የተነሡት ተቀመጡ።

"አይከብደውም?" አለች እማዬ።

"ፎርዊል ነው። አይከብደውም።"

እጁን አጭሩ ማርሽ ላይ አሳረፈ። ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ። አሳረፈው፣ ጨበጠው፣ ቆየ። ከዚያ ሳያስገባው ተወው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይናችን ተገናኘ። ዋናውን ማርሽ አስገብቶ ነዳ።

ኋላው ወደ ግራ ሄደ። እማዬ የጸደንያን ፊት ወደ ደረቷ አስጠጋች። ጎማው ዞረ፣ ጭቃ ተፋ፣ ነከሰ። ወጣን።

ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አባዬ ዳገቱ ጫፍ ላይ አቆመ። ያወቀውን አሁን በደንብ አወቀው፤ ሰው ባይወርድ ያቺም ታልፍ ነበር።

እማዬም አለቀሰች፤ ግን ባለፈው ዓመት እንዳለቀሰችው አልነበረም። "ይኸው" አለች። "ይኸው እንዴት አሻገረን። ያኔ ይህ ቢኖረን ኃይሌ…"

"አዎ" አለ አባዬ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አንተ ምን ታውቅ ነበር" አለችው፤ እጇንም ትከሻው ላይ አደረገች። ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ስትነካው አላየሁም።

አባ ገብረ ሚካኤል ወደ መስኮቱ ዞረው ዳዊት ይደግሙ ጀመር።

ሽታሁን ደጅ ስንደርስ ሰው መኪናውን ከበበው። ከሁሉ ቀድሞ ፋንታ መጣ፤ እሱ ጨው ጭኖ ቀድሞን ኖሯል። ማጡን እንዴት አለፋችሁት እያለ ወደ ጋቢናው ሲቀርብ አየሁት። አባዬ እማዬን ደግፎ ሊያወርድ በወዲያኛው በኩል ዞሯል። በሁለቱ ወንበሮች መካከል እጄን ዘረጋሁና አጭሩን ማርሽ ወደ ፎርዊል ገፋሁት፤ የሚያይ ሰው ቢኖር በፎርዊል አለፉ እንዲል ብዬ።